በሁለት ስም የኖሩት የወይዘሮ የማርያምወርቅ በዳዳ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ የማርያምወርቅ ከአባታቸው ከአቶ በዳዳ ገረሱና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሺመቤት አካሉ በ1922 ዓ.ም. ከእንጦጦ ጀርባ፣ በሱሉልታ ተወለዱ። በሰማንያ ቀናቸው ክርስትና ሲነሡ ወለተሥላሴ ተባሉ። ይህን ስም ልብ ይበሉልኝ፤ ኋላ ነፍስ አድኗል።

በ1946 ዓ.ም. ከአቶ ፈዬራ ዱጋሳ ጋር ሊጋቡ የሰርጉ ጠላ ተጠምቆ ሳለ፣ የአጎታቸው ልጅ በግጦሽ ጠብ ሰው ገድሎ ጠፋ። የሟች ወገኖችም ደም ለመመለስ የአሥራ ስድስት ዓመት ወንድማቸውን ሰቦቃን ይፈልጉ ጀመር። ሙሽሪት ሰርጋቸውን ትተው፣ ወንድማቸውን ይዘው እንጦጦን ተሻገሩ። ጠላውን ማን እንደ ጠጣው ለብዙ ዓመት አልታወቀም።

እንጦጦ ማርያምን ተሳልመው ሲወጡ ለወንድማቸው ትእዛዝ ሰጡ። «ከዛሬ ጀምሮ እኔ ወለተሥላሴ ነኝ፣ አንተም ወልደ ኢየሱስ ነህ። አልዋሸንም፤ ቄሱ ያወጡልን ስም ነው።»

የካ ሚካኤል አጠገብ ጎጆ ተከራይተው፣ ከእንጦጦ ጭራሮ እየተሸከሙ ወንድማቸውን አስተማሩ። ሰቦቃ ግን በክርስትና ስሙ ሲጠራ ስለማይዞር፣ ሰፈሩ ጆሮው የማይሰማ መሰለው። ጎረቤቱ ሁሉ እየጮኸ ያናግረው ነበር። አስተማሪውም አዝነው ከፊት አስቀመጡት፤ ከፊት በመቀመጡም ከክፍሉ አንደኛ ወጣ። ዛሬ እሱ ራሱ አስተማሪ ሆኖም አንዳንድ ጎረቤቶች ይጮኹበታል።

በ1953 ዓ.ም. አንድ እሑድ፣ ቅዳሴ እንዳለቀ፣ ከቅጥሩ ውጭ አንድ ሰው «የማርያምወርቅ በዳዳ!» ብሎ ተጣራ። በየካ ይህን ስም የሚያውቅ ማንም አልነበረም፤ የሚጠራቸው ወይ ዘመድ ነው ወይ ደመኛ። ወንድማቸውን «ካልተመለስኩ ትምህርትህን እንዳታቋርጥ» ብለው ብቻቸውን ወጡና «አቤት!» አሉ።

የጠሯቸው አቶ ፈዬራ ነበሩ። አባታቸው ከብቶቻቸውን በሙሉ ለደም ካሣ ሰጥተው እርቅ ወርዶ ነበርና፣ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ምሥራቹን ሊነግሩ መጥተው ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ በየቤቱ ሲጠይቁ፣ የካ በሙሉ በቅንነት «እንዲህ የምትባል ሴት እዚህ የለችም» እያለ መልሷቸዋል። የዚያን ቀን እልልታ አሁንም ይሰማኛል።

በጥር 1954 ዓ.ም. በየካ ሚካኤል ሥርዓተ ተክሊል ተፈጸመ። ያን የድሮውን ጠላ ከሚዜዎቻቸው ጋር ከሐዘን ብዛት እንደ ጨረሱት አቶ ፈዬራ በዕለቱ ተናዘዙ። ኢፍቱንና አካሉን ወለዱ፤ ቤታቸው ሳቅ የማያጣው ቤት ነበር።

ወይዘሮ የማርያምወርቅ በጉበት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ግንቦት 12 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ በሚካኤል ዕለት፣ በ39 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለቱ ልጆቻቸው፣ ወላጆቻቸውና እኔ ወንድማቸው ሰቦቃ ቀርተናል።

ዛሬ ካህናቱ በፍትሐቱ ወለተሥላሴ እያሉ ይጠሯቸዋል። ከሰው የደበቃቸው ስም አሁን በአምላካቸው ፊት የሚቀርቡበት ሆነ። እኔን ይዘው እንጦጦን እንዳሻገሩኝ፣ ጌታም እጃቸውን ይዞ ያሻግራቸው።

እትዬ፣ ስምሽ ሲጠራ እንደዚያን ቀን «አቤት» በይ። አሁን የሚያስፈራሽ የለም።