ከወረዳው አንደኛ ጤነኛ ስለተባለችው ከተማችን

ለተከበሩ አቶ ልዑልቃል፣
የቤት ለቤት የበሽታ ጫና ጥናት አስተባባሪ፣
ጅማ

ክቡርነትዎ ከነመላ ቤተሰብዎ እንደምን ሰንብተዋል? ከአጋሮ ወጣ ብላ ካለች ትንሽ የቡና ከተማ የምጽፍልዎ መምህርት ወርቅውሃ፣ ለእርስዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ የእኛን እንኳ እርስዎ አስቀድመው ወስነውልናል። ባለፈው ወር ባቀረቡት ሪፖርት ከተማችን ከወረዳው አንደኛ ጤነኛ መባሏን፣ የሚጥል በሽታ ያለበትም አንድ ሰው እንኳ እንዳልተገኘብን ሰምተን ተደንቀናል። በዚሁ ምክንያት የበሽታው ክኒን ወደ ጤና ጣቢያችን መምጣቱ ቀርቶ፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጄ ፀደንያ የቀራት ስምንት ፍሬ ብቻ ነው፤ በቀን አንድ ትወስዳለች። ጅማ ወርጄ ፋርማሲውን ሁሉ ብዞር አጣሁት። ስለዚህ ቅሬታዬን ባሳጥር አይቀየሙኝ።

፩ኛ፣ ጠያቂዎችዎን በኅዳር ስለላኩልን እናመሰግናለን። ሰዉ ሁሉ ቡና ለቀማ ወርዶ ሳለ የተቆለፈው ቤት በሙሉ በሽተኛ የለበትም ተብሎ ቅጹ ላይ መሞላቱ ትልቅ ብልሃት ነው። ቁልፍ እንዲህ ፈዋሽ መሆኑን ብናውቅ ኖሮ የጤና ጣቢያ ደጅ ባልጠናን ነበር።

፪ኛ፣ ቤት ለተገኘነው ደግሞ የእድራችንን ጸሐፊ ወይዘሮ ሶረቲን ጠያቂ አድርገው ቀጠሩልን። ሶረቲ ጨዋ ሴት ናት፤ ነገር ግን በራፌ ላይ ቆማ፣ ጎረቤት እየሰማ፣ በቤቱ የታመመ አለ ወይ ስትለኝ ምን እንድላት ጠብቀው ነበር? እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን አልኳት። ጎረቤቴ አቶ ሙሀጅርም፣ አልጋ ከያዙ ወር ያለፋቸው ሰውዬ፣ ከተኙበት ሆነው አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነን ብለዋታል። እኛ ለሰላምታ የመለስነውን እርስዎ በመቶኛ አስልተው አዳራሽ አስጨበጨቡበት።

አዎ፣ ደብቄያለሁ። ልጄ ትወድቃለች ብዬ በሰው ፊት መናገር አቃተኝ። ያን ቀን ማን ያገባታል ብዬ ፈራሁ፤ ዛሬ የምፈራው ሌላ ነው፤ ባለፈው ሳምንት ክኒኑን ለማብቃቃት አንድ ቀን ብታሳልፍ ደረጃው ላይ ወድቃ ግንባሯ ተሰፍቷል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብለው እንደሚተርቱብኝም አውቃለሁ።

፫ኛ፣ ከመተረትዎ በፊት ግን ይህን ልንገርዎ። ፀደንያ ሦስት ዓመት ሙሉ በየወሩ ክኒን ስትቀበል የፈረመችበት መዝገብ ጤና ጣቢያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። መድኃኒት የምትሰጠው ነርስ እንደነገረችኝ ከእሷ ሌላ አሥራ አንድ ሰው ተጽፎበታል። ባልደረቦችዎ እዚያው ግቢ ምሳ በልተው ሄዱ እንጂ አንዳቸውም አልገለጡትም። እኔስ የደበቅሁት ከጎረቤት ነው፤ እርስዎ ከማን ደበቁት?

የምለምንዎ ክኒኑ እንዲመለስልን ብቻ ነው፤ አንደኝነቱን ለፈለጉት ከተማ ይስጡልን።

በሪፖርትዎ ልክ ጤነኛ ለመሆን ከልቧ የምትጥር፣
የዘወትር አክባሪዎ
መምህርት ወርቅውሃ

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤዬ ዘግይቶ ከደረሰዎ ጠያቂ መላክ አያስፈልግዎትም። እኛ ዘንድ በሽተኛ ይደበቃል እንጂ ሬሳ አይደበቅም፤ ድንኳን የተጣለበትን ደጅ ከመኪና ሳይወርዱ መቁጠር ይችላሉ።