ያልታጠበው ገንዳ

ልጄ፣ እንደምን ከረምሽልኝ? እንቅፋት አይምታሽ፣ ክፉ አይይሽ። እኛ ደህና ነን። የአባትሽ ጉልበት ተሽሎታል፤ የማራቢያው በር ግን እንደ ድሮው ይጮሃል፣ እሱም እንደ ድሮው "ነገ እሠራዋለሁ" ይላል።

በማራቢያችን ያሉትን ባለዛጎል የባሕር ፍጥረቶች፣ የኦይስተሮቻችንን ነገር ልንገርሽ። የሄድሽ ዕለት በንዴት በረኪናውን አንስቼ ገንዳዎቹን ሁሉ ፈገፈግኳቸው። ያንቺን የጥጉን ገንዳ ብቻ "እሷው መጥታ ትጠበው" ብዬ በኩርፊያ ተውኩት። በሳምንቱ፣ ከምስር ፍሬ የማይበልጡት ግልገሎች ዛጎላቸውን እንደከፈቱ አለቁ። ያንቺዎቹ ግን ይኸው አሉ።

ውሃውን የመረመረው ባለሙያ፣ "ዛጎላቸው ላይና ሆዳቸው ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ምግብ እንዲፈጩ ያግዟቸዋል፣ በሽታ አምጪውንም ቦታ ይነሱታል። ጠባቂዎቻቸውን ነው የጨረሱባቸው፣ እትዬ" አለኝ። አንቺ ያልሽኝን ቃል በቃል! እኔ ደግሞ "ለእድፍ ጠበቃ ልትሆኚ ነው የተማርሽው?" ብዬ በሠራተኞቹ ፊት አሳቅኩብሽ። ያን ጊዜ የነበረው ፊትሽ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ለእኔ ንጹሕ ማለት የሚያብረቀርቅ ብቻ ነበር፣ ልጄ።

አሁን ካንቺ ገንዳ የባሕር ውሃ እየቀዳሁ ለሌሎቹ ገንዳዎች አካፍላለሁ። በረኪናውን አባትሽ ደብቆብኛል፤ ደግ አደረገ።

ብርድ እንዳይመታሽ ደርበሽ ልበሺ። ያሰብሽው ይሙላልሽ፣ ሰው ይውደድሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፦ ስትደውዪ ከአባትሽ ጋር ብቻ አውርተሽ አትዝጊው። እኔም እጄን እያደራረቅሁ አጠገቡ ቆሜ ነው የምሰማሽ።

እናትሽ