በሩን ያልዘጋሁበት ጦርነት

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃውን ስትወጪ አሁንም ግድግዳውን ትይዣለሽ ወይስ ተሻለሽ? ዓይንሽስ? እኔ ሐሳብ ከማብዛቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ቢሆን ከልጅነቴ አብሮኝ ያደገ ስለሆነ እንደ በሽታ አይቆጠርም። ይህን የምታነብልሽን እህቴንም ሰላም እያልኩ፣ እንደ ባለፈው እየሳቀች መስመር እንዳትዘል አደራ እላታለሁ።

እማዬ፣ ባለፈው በስልክ ሥራህ ምንድን ነው ስትይኝ ተንተባትቤ የዘጋሁት ወድጄ አይደለም፤ መልሱ ስለሚያሳፍር ነው። እነሆ በጽሑፍ ልናዘዝ። ሥራዬ መጫወት ነው። ለአናጢው አጎቴ ግን እንዲህ ብለሽ እንዳትነግሪው፤ "ይመረምራል" በይው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወለል ስወለውልበት የነበረው መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ጨዋታ ይሠራል። ጨዋታው ሰዎች በሩቅ ፕላኔት ላይ ከብረት ፍጥረቶች ጋር የሚዋጉበት ነው። አንድ ጊዜ እንደ ጄኔራል ከሰማይ ሆነሽ ጦሩን በሙሉ ታዢያለሽ፤ ሲያሻሽ ደግሞ አንዱ ወታደር አካል ውስጥ ገብተሽ፣ በእሱ ዓይን እያየሽ፣ ራስሽ ትተኩሻለሽ። የመጀመሪያው ክፍል እጅግ ተወዶ ስለነበር ሁለተኛው ተሠርቶ ሊወጣ አርባ ቀን ቀርቶታል። ጨዋታው ከመውጣቱ በፊት እየተጫወቱ ስሕተት የሚፈልጉት ሞካሪዎች ሁሉ በቃላቸው ስለሚያውቁት፣ አለቃችን "ምንም የማያውቅ ሰው አምጡልኝ" አለ። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት በሙሉ በአንድ ጊዜ ወደ እኔ ዞሩ። መወልወያዬን እንደያዝኩ ነበርኩ።

የሁለት ሳምንት ሙከራ ሰጡኝ። ከጠቀምኩ ቋሚ ሠራተኛ እሆናለሁ፤ ካልጠቀምኩ ግን መመለሻ የለኝም፤ መወልወያዬን በዚያው ቀን ለሌላ ሰው አስረክበውታል። ሰውየው ማዕዘኖቹን እየዘለለ ሲወለውል በየጠዋቱ ተቀምጬ አየዋለሁ።

አጀማመሬ አላማረም። ወንበሩ የሚሽከረከር ስለሆነ ማውዙን በነካሁ ቁጥር ጀርባዬን ለጦርነቱ እሰጣለሁ። ወታደሮቹ ሲነኳቸው "ትእዛዝ!" ብለው ይጮኻሉ፤ እኔም ደንግጬ "ኧረ ምንም፣ ይቀመጡ" እላለሁ። ፈሪ ስለሆንኩ የምዋጋው ከሩቅ ነው፤ በዚህም የተነሣ ውጊያ ሜዳ ላይ ከእኔ ጦር የሞተ ሰው አልነበረም።

ዋናው ጣጣ በሩ ነው። ከእያንዳንዱ ውጊያ በኋላ ጦሩ ወደ ሰፈሩ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ጠላት ሳይደርስ በሩን መዝጋት ነው። ሌሎቹ ዞር ብለው ሳያዩ ይዘጉታል። እኔ አንቺ ያሳደግሽኝ ልጅ ነኝና ቆጠርኩ። አርባ ወጥተው ነበር፤ የገቡት ሠላሳ ዘጠኝ ናቸው። እንደገና ቆጠርኩ። አለቃው ከኋላዬ ቆሞ "ዝጋው እንጂ!" አለኝ። ጌታዬ፣ አንድ ሰው ውጭ ቀርቷል አልኩት። "ሰው አይደለም፣ ሥዕል ነው!" አለኝ። ሥዕልም ቢሆን አብሮን ነው የወጣው እያልኩ ስሟገት፣ የብረት ፍጥረቶቹ በተከፈተው በር ገብተው ሰፈሩን አመድ አደረጉት። ይህ ሦስት ጊዜ ተደገመ። ስሜም "አባ ቆጠራ" ሆኖ ቀረ። ምሳ ላይ ሳይቀር "አባ ቆጠራ፣ እስቲ እይልን፣ ማንኪያው ሞልቷል?" ይሉኝ ነበር።

የሙከራው የመጨረሻ ቀን አለቃው "ዛሬም ያንን በር ካልዘጋህ፣ ነገ የዚህን መሥሪያ ቤት በር ከውጭ ሆነህ ታየዋለህ" አለኝ። ታዘዝኩ። ስድስት ጊዜ ወጣን፤ በየጊዜው አንድ ሰው ጎደለ፤ ስድስቱንም ጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ ዘጋሁ። በሰባተኛው ግን አልዘጋሁም። በልጅነቴ ግቢያችን ውስጥ ከውኃው በርሜል ጀርባ እንቅልፍ ወስዶኝ የቀረሁበት ምሽት ትዝ አለኝ። እንደ ልማድሽ አምስታችንን ራስ ራሳችንን እየነካሽ ቆጥረሽ አራት ሆነብሽ፤ ታላቅ ወንድሜ በብርድ እየተንቀጠቀጠ "ዝጊው እማዬ፣ ራሱ ይመጣል" ሲልሽ፣ አንቺ መዝጊያውን በእግርሽ ደግፈሽ እስክነቃ ድረስ ስሜን ጠራሽ።

ስለዚህ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩ፤ ጦሩን በሩ ላይ አቆምኩ፤ እኔም አንዱ ወታደር አካል ውስጥ ገብቼ ብቻዬን ወጣሁ። መምራቱን ስላልለመድኩት ወታደሩ ሰካራም ይመስል ነበር። ከአንድ ጥቁር ቋጥኝ ጀርባ ደረስኩባቸው። ሰባቱም አሉ! ፊታቸውን ወደ ድንጋዩ አዙረው፣ ተደርድረው፣ ይራመዳሉ፣ ይራመዳሉ፤ ፈቀቅ ግን አይሉም። "አገኘኋችሁ!" ብዬ ስነሣ ወንበሩ ተሽከርክሮ መሬት ላይ ዘረገፈኝ።

የወታደሮቹን አካሄድ በኮምፒውተር የምታቅደው ባለሙያ ሮጣ መጣች፤ አይታም ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። ለካ የመጀመሪያው ክፍል ተጫዋቾች፣ ጦርነቱ ሲረዝም ኮምፒውተራችን እየተጎተተ በመጨረሻ ቀጥ ይላል እያሉ ለዓመታት ሲያማርሩ ኖረዋል፤ ምክንያቱን ያወቀ አልነበረም። ምክንያቱ እነዚህ የተረሱት ናቸው። ድንጋዩ ጀርባ ተቀርቅረው በየቅጽበቱ "የቤቴ መንገድ በየት ነው?" እያሉ ኮምፒውተሩን ይጠይቁታል፤ እየበዙ ሲሄዱ ለሁሉም መመለስ ያቅተዋል። በር የሚዘጋው ሁሉ ስለማይቆጥር ማንም አላያቸውም።

አለቃው "ቆጠራ የት ተማርክ?" አለኝ። ከአራተኛ ክፍል እንዳላለፍኩ ሳልደብቅ፣ ያስተማረችኝ እናቴ ናት አልኩት። ቋሚ ሠራተኛ ሆኛለሁ እማዬ! ውሉን ሁለት ጊዜ አንብቤ ፈረምኩ፤ ሦስተኛ ላንብበው ስል ነጠቁኝ። ከእንግዲህ በጨዋታው ውስጥ በሩ ሊዘጋ ሲል ውጭ የቀረው ሰው ቁጥር ይታያል። ባለሙያዋ ይህንን በመዝገቧ ላይ "የእናት ቆጠራ" ብላ ጽፋዋለች። ለአዲሱ ወልዋይም ማዕዘኖቹን በትሕትና አሳይቼዋለሁ።

አባዬን ሰላም በይልኝ፤ አውቶቡሱን ሲያቆም ፍሬኑን ሁለት ጊዜ ይመልከት። ታላቅ ወንድሜን ስለዚያ ምሽት ይቅር ብዬሃለሁ በይልኝ። መንትዮቹን አንድ አንድ ጊዜ ሳሚልኝ፤ አንዱን ሁለቴ ስመሽ ሌላውን እንዳትረሺ። አጎቴን ደግሞ፣ እንግዲህ እውነቱን ንገሪው። አንባቢዋን እህቴን ስለ ድካሟ አመሰግናለሁ።

የቤቴን መንገድ እኔም እዚህ ሆኜ ብዙ ጊዜ እጠይቃለሁ። ስድስት ወር ስሠራ ፈቃድ እንደማገኝ ውሉ ላይ ተጽፏል። እስከዚያው ብርድ እንዳይመታሽ በሩን በጊዜ ዝጊው፤ ቁጥሩን ግን አምስት በይው።

ልጅሽ፣ ሁለተኛው።

ከሦስተኛው ፎቅ፣ መስኮቱ አጠገብ ካለው የሚሽከረከር ወንበር ላይ
የካቲት ዐሥራ አንድ ቀን፣ ሥራ ሳይጀመር