ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለችው ክፍላችን

ወንድምዓለም፣

እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? ያ በብርድ የሚያስቸግርህ ጉልበትህ ተሻለው? ባለቤትህ እንዴት ናት? ትንሿስ ጥርስ አወጣች? በስልክ "ደህና ነን" ብለህ ስለምትዘጋው ነው እንዲህ የምጨቀጭቅህ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፤ ስለ እሷ ግን በስልክ የማይወራ ነገር ስላለኝ ወረቀት አነሳሁ። ደግሞ እስከ መጨረሻው ሳታነብ እንዳትደውል፤ አውቅሃለሁ!

አሮጌው ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ ወደ አዲሱ ሕንፃ ከተዛወሩ ወዲህ ሦስት ዓመት ባዶውን መቆሙን ነግሬሃለሁ። እማዬ ከጽዳት ሥራዋ ጡረታ ብትወጣም ከጀርባው ከተለጠፈችው ክፍላችን ንቅንቅ አልል ማለቷንም ታውቃለህ። የማታውቀው፣ በየማለዳው መጥረጊያዋን ይዛ ሰው የሌለባቸውን ስምንት ክፍሎች ስትጠርግ መክረሟን ነው። "ማን ሊማርበት ነው?" ስላት "አቧራው ተማሪ እስኪመጣ ይጠብቃል እንዴ?" ትለኛለች። እስቲ እንግዲህ ምን ትላታለህ!

ባለፈው ወር ማዘጋጃ ቤቱ ሰፈርተኛውን በሙሉ ሰበሰበ። ነገሩ ከሁለት አንዱ ነው ተባለ፤ ወይ ሕንፃው ፈርሶ ቦታው ለመጋዘን ይሰጣል፣ ወይ ታድሶ ለወጣቶች የሙያ ማሰልጠኛ ይሆናል። ከዚያ አንድ ለጋ መሐንዲስ ተነሳና ግድግዳው ከላይ እስከ ታች መሰንጠቁን፣ ዛሬ ነገ ሳይባል ሰው ላይ እንደሚወድቅ ነገረን። ይፍረስ የምትሉ እጃችሁን አውጡ ተባለ። "ካልፈረሰ እማዬ ከዚያ አትወጣም፤ አንድ ቀን ወድቃ ነው የምናገኛት" ብለህ ገና ይፈርሳል የሚለው ወሬ ሲናፈስ የጻፍክልኝ ከአእምሮዬ አልጠፋ ብሎ እኔም እጄን አወጣሁ። እማዬ አጠገቤ ነበረች። ዞር ብላ እጄን አየችው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከዚያ ብድግ አለችና መሐንዲሱን "ልጄ፣ ለመሆኑ ስንጥቁን የት በኩል አየኸው?" አለችው። ከጀርባ በኩል ነው አላት። ወደ ውስጥስ ገብተሃል ብትለው፣ በሩ ተቆልፏል፣ ቁልፉም ጠፍቷል ስለተባለ አልገባሁም አለ። እማዬ እጇን ኪሷ ከተተችና የቁልፉን ዘለላ አወጣች። ሦስት ዓመት ሙሉ ቁልፍ ጠፋ ሲባል እሷን የጠየቃት አንድ ሰው እንኳ የለም! ሰብሳቢው ኩም አለ። እኔማ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ነጠላዬን አፌ ላይ ያዝኩ።

ሁላችንንም አስከትላ ገባች። ወለሉ ያብረቀርቃል። ስምንተኛ ክፍል ግድግዳ ላይ ቀጭን ስንጥቅ አለች፤ በስንጥቋ ላይ ደግሞ ቀን የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት በሙጫ ተለጥፋለች። "ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ወረቀቱ ይቀደዳል። ይቺን ከለጠፍኳት ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው" አለች እማዬ። መሐንዲሱ መነጽሩን አስተካክሎ ቢያያት ወረቀቷ ቢጫ ሆናለች እንጂ አልተቀደደችም። በየክፍሉ እየዞረች እንዲህ አሳየችው። ለካ እኛ ለጌጥ የምትለጥፈው ይመስለን የነበረው ወረቀት ይህ ነው! ብልሃቱን ያስተማራት አባባ ነው። እሱ ግንበኛ፣ እሷ መጥረጊያ ያዥ፤ የሚጫወቱት ግን ስለ ግድግዳ ነበር ማለት ነው።

ቀጥላ ወደ ገዛ ክፍሏ ወሰደችን። አልጋዋን በራሷ እጅ ገፋ አደረገችው። ከአልጋው ጀርባ ወረቀት በወረቀት ላይ ተለጥፏል፤ ሁሉም ለሁለት ተቀዷል። "ከውጭ ያየኸው ስንጥቅ ይኸው ነው፤ የሚወድቀውም የዚህች ክፍል ግድግዳ ነው። ባለቤቴ ሁለተኛው ልጃችን ሳይወለድ ልጨርሳት ብሎ በጥድፊያ የሠራት ናት፤ መሠረቷ ጥልቅ አይደለም። እየሰመጠች ነው፤ ካልፈረሰች ዋናውን ግድግዳም ትጎትተዋለች። እሷን አፍርሱና ትምህርት ቤቱን ተዉት" አለች። ሁለተኛው ልጅ አንተ ነህ፣ ወንድሜ።

መሐንዲሱ ሲለካ፣ ሲቆፍር፣ ሲጽፍ ዋለ። በማግስቱ ሰፈርተኛው ፊት ቆሞ "ተሳስቻለሁ፤ እማማ ልክ ናቸው" አለ፤ ይህን በማለቱ አከበርኩት። ድምፅ እንደገና ሲሰጥ እንዲታደስ ያልደገፈ አልነበረም። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ እጄን አወጣሁ። እማዬም "አሁን ገና ልጄን መሰልሽ" አለችኝ።

ክፍሏ ከፈረሰች ዘጠኝ ቀኗ ነው። እማዬ አሁን እኔ ዘንድ ናት። አንተና እኔ እሷን ከዚያ ለማውጣት ትምህርት ቤቱ ይፍረስ ስንል እሷ ትምህርት ቤቱን ለማትረፍ በገዛ እግሯ ወጣች። ዘመኔን ሁሉ ግትር እላት ነበር፤ አፈርኩ። እንደምትሰምጥ እያወቅሽ ለምን ኖርሽባት ብዬ ስጠይቃት "እኔ ዞር ካልኩ ስንጥቁ ዋናው ግድግዳ ላይ ሲደርስ ማን ያየዋል?" አለችኝ። እንዲህ ያለች እናት ናት ያለችን።

ለባለቤትህ የከበረ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ትንሿን ጉንጯን ሳምልኝ። ባለቤቴ በጣም ናፍቀኸኛል ይልሃል። ልጆቼም አጎታችንን ሳሚልን ብለዋል። እማዬ ደግሞ መነጽሯን አድርጋ አጠገቤ ተቀምጣ፣ "ክፍሏ ፈረሰች ብሎ እንዳያዝን፤ አባቱ ቢኖር እሱ ራሱ ነበር የሚያፈርሳት በይልኝ" ብላሃለች።

እህትህ
ከቤቴ፣ ከእማዬ ጎን
ጥቅምት 19 ቀን