ኦቦ ደገፋ የለቀቁት መንገድ

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት

ሚኒባስ የለም። በእግር ወደ ጽ/ቤት። የሱሉልታ ብርድ አጥንት ይሰብራል። መንገዴ ላይ ኦቦ ደገፋ አጥራቸውን መልሰው እያጠሩ ነው፤ አምና ለመንገድ ብለው በፈቃዳቸው በለቀቁት መሬት ላይ። አሳምኜ ያስለቀቅኋቸው እኔ ነኝ። አካም ቡልታን ብዬ ሰላም አልኳቸው። መለሱልኝ፤ ሥራቸውን ግን አላቆሙም።

ይህን ላንተም ነግሬህ አላውቅም፣ ማስታወሻዬ። እዚያ ሠፈር መኪና አይገባም። ምራታቸውን ምጥ የያዛት ቀን እስከ አስፋልቱ በቃሬዛ ነው ያወጧት። ሕፃኑ አልተረፈም። ፕላኑን ይዤ ስሄድ ከሁሉ ቀድመው አጥራቸውን ያፈረሱት እሳቸው ናቸው። ጎረቤት እሳቸውን አይቶ አፈረሰ። ታዲያ አሁን ምን ተፈጠረ?

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

ገባኝ። ፕላኑ ተሻሽሏል። መንገዱ ወደ ወንዙ ማዶ ዞሯል፣ ለአንድ ባለሀብት መጋዘን በተሰጠው ቦታ በኩል። ሠፈሩ ችካል ሲተከል አይቶ አወቀ። እኔ፣ የፕላን ባለሙያዋ፣ ሻይ ቤት ውስጥ ሰማሁ። እንዴት አያናድድ።

አለቃዬ ሰለሞን ጋ ገባሁ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ሰልችቶታል። ከላይ የመጣ ነው አለ። ቅዳሜ ስብሰባ አለ፤ ርዕሱ ሕዝቡ በፕላን ላይ ያለውን አመኔታ ማሳደግ። ሳቄ መጣ፣ ዋጥኩት። ስለ መንገዱ ካልተጠየቅን አናነሳም አለኝ። ደግሞ ኦቦ ደገፋን አምጫቸው፣ ሰው ይሰማቸዋል፣ ስለ ልማት ይናገሩልን አለኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። እሺ የምትል ምላሴ ትቆረጥ።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት

ሄድኩ። ወንበር አወጡልኝ፣ እርጎ አቀረቡልኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። የሰለሞንን መልእክት ነገርኳቸው።

"ኢንተላ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "እኔ ወረቀቱን አላመንኩም። አንቺን ነው ያመንኩት። ጎረቤቶቼ ደግሞ እኔን አመኑ። አሁን ቆሜ ምን ልበላቸው?"

"አንቱ ምንም አይበሉ። እኔ እነግራቸዋለሁ።"

አፌ ቀደመኝ። ምራታቸው በር ላይ ቆማ ታየኛለች። ዳግም ነፍሰ ጡር ናት።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

አዳራሹ ግማሹ ባዶ። ሰለሞን ስለ ግልጽነት ብዙ ተናገረ። ተራዬ ሲደርስ በአማርኛም በኦሮምኛም አልኩት፦ መንገዱ ተዛውሯል፣ እናንተ አልተጠየቃችሁም፣ እኔም አልተጠየቅኩም፣ ቅሬታ ማቅረብ መብታችሁ ነው።

ያጨበጨበ የለም። ዳቦ የምትሸጠው ወ/ሮ አልማዝ ተነሥታ፣ ይሄን አጥራችንን ሳታስፈርሺን ነበር መናገር፣ አለችኝ። ያኔ አላወቅኩም ብላት ማን ያምነኛል። ተቀመጥኩ። ሰለሞን ሲወጣ ዓይኔን አላየም።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

ከፕላን ተነሥቼ መዝገብ ቤት ተመደብኩ። ጊዜያዊ ነው ተባልኩ። ጊዜያዊ! ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ለእነሱም አልጠቀምኩ፣ ለራሴም። ሊሞቅልኝ የነበረ ወንበር በአንድ ንግግር ሄደ። ምን አተረፍኩ?

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ኦቦ ደገፋና ወ/ሮ አልማዝ ቅሬታ ይዘው ጽ/ቤት መጡ። የባለሙያ አስተያየት ካልተያያዘበት አንቀበልም ተባሉ። በእኔ በኩል አለፉ፤ እሳቸው በአንገታቸው ሰላም አሉኝ፣ እሷ ጭራሽ አላየችኝም። ባለሙያ ከየት ያመጣሉ? ማንስ ይደፍራል?

በር ላይ ደረስኩባቸው። አስተያየቱን እኔ እጽፋለሁ አልኳቸው፣ በስሜ፣ በፊርማዬ። ወ/ሮ አልማዝ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

"ዛሬም አላምንሽም" አለች። "ግን ጻፊ።"

ጻፍኩ። የድሮው መንገድ ለምን እንደሚያስፈልግ፣ አዲሱ ማንን እንደሚጠቅም፣ ሳልሸፋፍን። እዚህ መሳቢያ ውስጥ እንዳይቀር ነገ ጠዋት አብሬያቸው ወደ በላይ መ/ቤት እሄዳለሁ። ሰለሞን ፈቃድ አይሰጠኝም። አልጠይቀውም።