ይህ መጽሐፍ የለም

ለታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? ጉሮሮህ ከልጅነትህ ጀምሮ ስስ ነው፤ እሑድ እሑድ ምእመናንህን እየገሠጽክ ስትጮህ እንዳይዘጋብህ እሰጋለሁ። እኔን ከጠየቅከኝ፣ ጠይቀኸኝ ባታውቅም፣ ከጣቶቼ ቁርጥማት በቀር ደህና ነኝ። ከኮርቻ ሠሪው ሱቅ በላይ ያለው ክፍላችን እንደድሮው ነው። ምድጃው ያጨሳል፤ አለቃችን ሚስተር ካርጊል ያስላል፤ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላታችንም እየተንፏቀቀ አሥራ ዘጠነኛው ፊደል ላይ ደርሷል።

ደብዳቤህ ባለፈው ቅዳሜ ደረሰኝ። ሦስት ገጽ ነው፤ ሦስቱም ስለ ስምህ ነው። በአዲሱ ክፍል መክፈቻ ላይ መጻሕፍት እያነበቡ ቃል የለቀሙልንን ሰዎች እንደምናመሰግን፣ ዝርዝሩንም የማዘጋጀው እኔ እንደሆንኩ ሰምተሃል። እና ስምህ ከነማዕረግህ፣ ከነዲግሪህ፣ ከዚያ ከጡረተኛው ኮሎኔል በፊት እንዲገባልህ ጠየቅክ። «ሁለት መቶ ሠላሳ አንዱንም ወረቀት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በገዛ እጄ ጽፌአለሁ፤ ዓይኔንም ጎድቼበታለሁ» ብለሃል። ለሚስትህ የተረፋት ግማሽ መስመር ነው፦ «ዶርካስ አሁንም ከባሕሩ ዳርቻ ሆና ሳንባዋን እያስታመመች ነው፣ ሰላም ትልሻለች።» እግዜር ይስጥልኝ። ሰላምታዋን ካንተ ቀድሜ ተቀብያለሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት ኤስ እና ኤን በተባሉት ፊደላት ተከታትለው የሚጀምሩትን ቃላት ዝርዝር ወደ ቤትህ የላክሁት እኔ ነኝ። ለሌላ ሰው ልልከው እችል ነበር። ግን ከነዚህ ቃላት ግማሾቹ ከአፍንጫ አይርቁም፤ ማንኮራፋቱ፣ ማሽተቱ፣ መነፋረቁ፣ ንፍጡ ሁሉ እዚያ ተሰብስቧል፤ እኔ ደግሞ እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያንተን አፍንጫ ስጠርግ ነው ያደግኩት። ቢያንስ ይሄን ታውቀዋለህ ብዬ ነው።

የመጀመሪያው ጥቅል ሲመጣ የማን እጅ እንደሆነ ወዲያው አወቅኩ። አንተ ስትጽፍ ፊደሎችህ እንደ ሰካራም እርስ በርስ ይደጋገፋሉ። የዶርካስ ቀጥ ያለ ነው፤ የቃሉ መጨረሻ ላይ ስትደርስ ብቻ ጭራውን ወደ ኋላ መልሳ እንደ ዓሣ መንጠቆ ታጥፈዋለች። በሠርጋችሁ ቀን ስሟን ስትፈርም አይቼዋለሁ። አንተ ከእሳቱ ዳር ጋዜጣህን ዘርግተህ ስታንቀላፋ፣ እሷ ከመጽሐፍ መጽሐፍ እየለቀመች ትጽፍልህ ነበር። ዝም ያልኩት እዚህ የተቀጠርኩት ባንተ ደብዳቤ ስለሆነ ነው። የሁለት ዓመት ዝምታዬን ንቄዋለሁ፤ ካንተ ንቀት ጋር በአንድ ማሰሮ አስቀምጬዋለሁ።

ሥራችንን ታውቃለህ፤ ወይም ሠራሁት ስላልክ ታውቃለህ ልበል። አንባቢው በብጣሽ ወረቀቱ ጥግ ቃሉን ይጽፋል፤ ከሥሩ ዓመቱን፣ የደራሲውን ስም፣ የመጽሐፉን ርእስና ገጹን፤ ከዚያ ቃሉ ያለበትን ዓረፍተ ነገር። እኔ ደግሞ የመጣውን ሁሉ በፊደል ተራ እየደረደርኩ በየመደርደሪያው አስገባዋለሁ። የተጠራጠርኩትን ቤተ መጻሕፍት ሄጄ አመሳክራለሁ። ካጣሁት በቀይ ቀለም ምልክት አድርጌ ለላኪው እመልሳለሁ።

ኅዳር ላይ ስኒር ለሚለው ቃል የመጣውን አነበብኩ። ቃሉ ሲነሣ የፈረስ ማናፋት ነበር፤ ኋላ ወደ ሰው ፊት ተዛወረና ከንፈርን በንቀት ማጣመም ሆነ። በወረቀቱ ላይ ያለው ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦ «ሾርባውን ቀመሰና ከንፈሩን አጣመመ፤ አንድ ቃል አልተናገረም፤ እኔ ግን እስከ እሑድ ስሰማው ከረምኩ።» ኤች. ኮል፣ «የምዕራቡ መስኮት»፣ ገጽ 31። ማረከኝና መጽሐፉን ላነበው ፈለግኩ። ሦስት ቤተ መጻሕፍት ዞርኩ። እንዲህ ያለ ደራሲም መጽሐፍም የለም። በዚያው ጥቅል ከዚሁ መጽሐፍ ተለቀሙ የተባሉ ሌሎች ስምንት ወረቀቶች ነበሩ። ዘጠኙንም በቀይ ቀለም «ይህ መጽሐፍ የለም» ብዬ ጻፍኩባቸው፤ ፈርሜ፣ ማኅተማችንን አድርጌ፣ ባንተ ስም መለስኳቸው። ደንቡ ነው፤ ላኪው አንተ ነህና።

ከዚያ ወዲያ ካንተ ቤት አንድም ወረቀት አልመጣም። ጥር ላይ ዶርካስ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ሄደች ብለህ ጻፍክልኝ። አዘንኩ፤ የሱፍ ካልሲም ሠራሁላት። አድራሻዋን ብጠይቅህ ሐኪሙ ደብዳቤ ከልክሏታል አልከኝ።

የመጋቢት መጀመሪያ ላይ በእርሳስ የተጻፈ አንድ ብጣሽ መጣ። ከመዝሙር ወረቀት ኅዳግ የተቀደደ ነው። ጭራው ወደ ኋላ ታጥፏል። ቃሉ ስናግ ነው፤ ዛሬ ሰው ምቹ ለሆነ ሙቅ ቤት ይለዋል፤ ድሮ ግን የመርከበኞች ነበር፤ ማዕበል ሳይመጣ ገመዱ ሁሉ ለተጠበቀለት መርከብ የሚሉት። ዓረፍተ ነገሩ «ይህ ቤት ለማዕበል ተዘጋጅቷል፤ ያልታሰረ ነገር የለም፤ እኔም» ይላል። የፖስታ ቤቱን ማኅተም አየሁት። ባሕሩ ከዚያ የሁለት ቀን መንገድ ነው።

ሄድኩ፤ ወንድሜ። ያ ቤት የእብዶች መቆያ እንደሆነ ለአንተ አልነግርህም፤ ከፍለህ ያስገባሃት አንተ ነህ። ሐኪሙ ዶክተር ማርሊንግ ጨዋ ሰው ነው። የባሏ እህት ነኝ ስለው፣ ሥራዬ ምን እንደሆነ ሳያውቅ መዝገቧን ከፈተልኝ። የሁለት ሐኪሞች ፊርማ አለ፤ ያንተ ማመልከቻ አለ፤ ከማመልከቻው ጋር ተሰፍተው ዘጠኝ ብጣሾች አሉ። ሴትዮዋ የሌሉ መጻሕፍት ታነባለች፣ ከሌሉ ሰዎች ቃል ትጠቅሳለች፣ ይህንንም የመዝገበ ቃላቱ ሊቃውንት ራሳቸው አረጋግጠዋል ተብሎ ተጽፏል። ሊቃውንቱ እኔ ነኝ። ቀዩ ቀለም የኔ ነው። እኔ በደንብ የሠራሁትን ሥራ አንተ በር መዝጊያ አደረግከው።

እንድትመጣልኝ ጠየቅኩ፤ አመጧት። ከስታለች። ፀጉሯን በአጭሩ ቆርጠውታል። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት እጄን ያዘችኝ። «ቀዩን ቀለም ሳየው እኮ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አንድ ሰው ፈልጎታል ማለት ነው አልኩ» አለችኝ። ከዚያ ካልሲው ጠብቦ እንደሆነ ብጠይቃት የምን ካልሲ አለች። ካልሲውንም አስቀርተኸዋል።

ተመልሼ መደርደሪያችን ሥር ቁጭ አልኩ። ከኅዳር በፊት የመጡት ወረቀቶች ሳላመሳክራቸው በየቃላቸው ገብተው ነበር። ከመካከላቸው ያው መጽሐፍ የተጠቀሰባቸውን ለቀምኩ፤ ሃምሳ አምስት ሆኑ። ከሐኪሙ መዝገብ የገለበጥኳቸውን ዘጠኝ ጨመርኩባቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ በአንድ በእጄ አልፈዋል፤ ግን እንደ ሙያችን በፊደል ተራ እየበታተንኩ ስለማስገባቸው አንዱን ከሌላው ጋር አንብቤ አላውቅም። አሁን ፊደሉን ትቼ በገጻቸው ቁጥር ደረደርኳቸው። ገጽ 1፣ ገጽ 2፣ ገጽ 4። «እንድጽፍ የተፈቀደልኝ በነዚህ ሁለት ፊደላት ብቻ ስለሆነ በነሱው እነግራችኋለሁ» ይላል መጀመሪያው። መጽሐፉ ነበር። እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ከወንበሬ ጀርባ ነበር።

ሁሉንም አነበብኩት፤ አንተም ታነበዋለህ፤ ጥቂት ልስጥህ። ስናብ የሚለው ከሰሜን አውሮፓ ሰዎች የመጣ ቃል ነው፤ ሰውን በንግግሩ መካከል ቆርጦ ማሳፈር ነው። «የሰበከው ጥቅስ የኢሳይያስ ሳይሆን የኤርምያስ ነው አልኩት፤ በእንግዶቹ ፊት ሻዩ ቀዝቅዟል አለኝ።» ገጽ 12። ስናፍ የሻማ ክር የተቃጠለ ጫፍ ነው፤ ክሩን መቁረጥ፣ ኋላም ማጥፋት ሆነ። «የክረምት ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ገና እያነበብኩ ስስቅ ሻማውን በሁለት ጣቱ ቆነጠረው፤ የሻማ ዋጋ ስንት እንደሆነ ታውቂያለሽ ወይ ብሎ ሳይሆን፣ ምን አስቆሽ ነው ብሎ።» ገጽ 40። ስኖብም አለ። ይሄኛው መነሻው አይታወቅም፤ ድሮ ግን ጫማ ሰፊ ማለት ነበር፤ ዛሬ ከበላዩ ያሉትን ለመምሰል ሲንጠራራ የሚውል ሰው ነው። እሷ አንድ መስመር ብቻ ጻፈች፦ «የአባቱን መስፊያ በሳጥን ቆልፎ ከአልጋው ሥር ደብቆ፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለው የአያቴ ጎራዴ ነው ይላል ለእንግዳ።» የጫማ ሰፊውን የአባታችንን መስፊያ ጎራዴ አልከው? ስቄ ስቄ ሚስተር ካርጊል ውኃ አመጣልኝ። ከዚያ አለቀስኩ።

ከታች ያለው ኮርቻ ሠሪ ስድሳ አራቱን ብጣሾች በቡናማ ቆዳ ጠረዘልኝ፤ ጀርባው ላይም «የምዕራቡ መስኮት» ብሎ በወርቅ ቀለም አተመበት። ባለፈው ማክሰኞ የዚያ ቤት ተቆጣጣሪዎች ተሰብስበው ነበርና ሚስተር ካርጊልን ይዤ ፊታቸው ቀረብኩ። ሰብሳቢው የቢራ ጠማቂ ነው፤ ሆዳም ይመስላል፤ ጆሮ ግን አለው። ቀዩ ቀለም የኔ እንደሆነ፣ እንደተሳሳትኩ፣ መጽሐፉም እንዳለ ተናገርኩ። የታለ አለኝ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ዶክተር ማርሊንግ ገልበጥ ገልበጥ አደረገና እሷ ራሷ የፈጠረችው አይደለም ወይ አለ። ሚስተር ካርጊል እያሳለ፣ መጽሐፍ ሁሉ አንድ ሰው የፈጠረው መሆኑን፣ ይህን ያህል ትክክለኛ ዓረፍተ ነገር የሚጽፍ ሰው ደግሞ በሠላሳ ዓመት ሥራው ሁለቴ ብቻ እንደገጠመው አስረዳው። ሐኪሙ ግን ባል ካመለከተ እኛ ምን እናደርጋለን እያለ ወደ ሰብሳቢው ያይ ነበር። ነገሩ ሊበላሽብኝ ሲል ያንተ ደብዳቤ ትዝ አለኝ። ከቦርሳዬ አወጣሁት።

ሁለት መቶ ሠላሳ አንዱንም በገዛ እጄ ጽፌአለሁ ያልክበትን ሰብሳቢው ራሱ ጮክ ብሎ አነበበው። አንዴ ዘጠኙን ብጣሾች አየ፣ አንዴ ያንተን ፊርማ አየ። ከዚያ «እንግዲህ የጻፋቸው እሱ ከሆነ እሷን እዚህ ለምን አስቀመጥናት?» አለ። ዶክተሩ መነጽሩን መጥረግ ጀመረ። ጠርጎ አልጨረሰም።

የወሰኑትን ቤቱ በወረቀት ይጽፍልሃል፤ የኔ ሥራ አይደለም። የኔ ሥራ ዝርዝሩ ነው። ማተሚያ ቤት ዛሬ ጠዋት ሄዷል። «ዶርካስ ሊንግዉድ፣ 231» ይላል፤ በአባቷ ስም፤ ከኮሎኔሉ በፊት። ያንተን ስም ከነማዕረጉ የማስገባበት ቦታ አጣሁ። ግን አትዘን፤ ስኒር ከሚለው ቃል ሥር ሚስተር ካርጊል የሾርባውን ዓረፍተ ነገር አስገብቶታል። ስምህ የለም፤ አንተ ግን አለህ፤ እንግሊዝኛ እስከሚነገር ድረስ ሾርባ ትቀምሳለህ።

ብጣሾቹን መልሽልኝ ብትለኝ አልመልስም። እኔን እዚህ ያስቀጠረኝን ደብዳቤም የጻፍከው አንተ ነህ፤ እሱን ከፈለግክ ላኪልኝ በለኝ፤ በቀይ ቀለም ምልክት አድርጌ እመልስልሃለሁ።

እግዚአብሔር ጉሮሮህን ይጠብቅልህ። ሾርባህን ራስህ የምትሠራበት ጉልበት ይስጥህ። ለሌላው ቢቀር ለውሻህ ደግ ልብ ያሳድርብህ። ስትቸኩል ወረቀት ማገላበጥ ልማድህ ነውና፣ ፖስታውን ምድጃ ውስጥ ሳትጥለው በፊት ቆም ብለህ እየው። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ጣቶቼን ስለቆረጠመኝ ግን አድራሻህን ሰው ጻፈልኝ፤ ከፊት ለፊቴ ተቀምጣ። የስምህ የመጨረሻ ፊደል ጭራ ወዴት እንደታጠፈ ተመልከት።

አፍንጫህን የጠረገችልህ ታላቅ እህትህ