«እየሠራሁበት ነው» እያልክ ላገድከን

ውድ ልደቱ፣

ከሁሉ በፊት ይህን ተረዳ። በአንተ ስም የተያዘው፣ ለዓይነ ስውራን አማርኛ የሚያነበው ፕሮግራም እስከ ዓርብ ካልታደሰ እኛ ፈቃደኞቹ ከምናወጣው የፕሮግራሞች ስብስብ ቀጣይ እትም ይሰረዛል። እሱ ሲሰረዝ ዓይነ ስውሯ ወንጌል ከሥራዋ ትሰናበታለች። የቀረውን የምጽፈው ኋላ አላወቅሁም እንዳትለኝ ነው። «ውድ» ያልኩህም ደብዳቤ በዚያ ስለሚጀመር ነው።

ወንጌል ላምበረት አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የደንበኞችን አቤቱታ በፕሮግራምህ እያዳመጠች መልስ ትጽፍ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተሮች ሲታደሱ ፕሮግራምህ ባለበት ቀረ፤ አሁን ጥቂት ቃል ያነብና ጸጥ ይላል። አለቃዋ ከጠረጴዛዋ አንሥቶ በር ላይ አስቀምጧታል። እንግዳ በገባ ቁጥር «እንኳን ደህና መጡ» ትላለች። ሕግ የተማረች ሴት ናት።

እኔ ከማስተማር ሥራ በጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ቤቴ ተቀምጬ የፕሮግራሙን አነባበብ አርማለሁ፤ እንደ አንተ በፈቃደኝነት፣ እንደ አንተ ያለ ደመወዝ። ስለዚህ «በነፃ እኮ ነው የምሠራው» የሚለውን ለሌላ ሰው ንገር። ማንም አላስገደደህም። እኔ እይዘዋለሁ ያልከው አንተው ነህ።

ደግሞ ሥራው አልቋል። ኤጀታ፣ እንደ እኛው ፈቃደኛ የሆነው ልጅ፣ ጠግኖና ሞክሮ ልኮልሃል። የቀረው የአንተ ፈቃድ ብቻ ነው። በቀጥታ እንዳንጭንላት መሥሪያ ቤቷ ከይፋዊው ስብስብ ውጭ ምንም አያስገባም። ደንባችን ኃላፊው ሦስት ወር ዝም ካለ ፕሮግራሙ ለሌላ ይሰጥ ይላል። ይህን አሳምረህ ታውቃለህ። ጊዜው ሊሞላ ሲል ብቅ ትልና «እየሠራሁበት ነው» ብለህ ትጽፋለህ፤ ቆጠራው እንደገና ይጀምራል። ሁለት ጊዜ ስታደርገው ቸልተኛ ነው ብዬ ነበር። ሦስተኛው ላይ ግን፣ ቸልተኛ ሰው እንዲህ ቀን ጠብቆ አይመጣም አልኩ።

ኤጀታ በስልክ «እትዬ የሺሃረግ፣ ሰውዬው መኪናውን መንገድ መሃል አቁሞ ተኝቷል፤ አይነዳ፣ አያሳልፍ» ሲለኝ ተቆጥቼው ነበር። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ወንጌልን ይዤ እንጦጦ ድረስ የመጣሁት ለዚህ ነበር። ከጓደኞችህ ጋር ስትሮጥ አገኘንህ። ዳገቱ ትንፋሽ አሳጥቶኝ ገና ሳልናገር፣

«እማማ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ፤ አምቡላንስ እዚህ አይወጣም» ብለህ ጓደኞችህን አሳቅህ።

ወንጌል አልሳቀችም። «ልደቱ አንተ ነህ?» አለችህ።

«ነኝ፣ የኔ ቆንጆ።»

«ድምፅህስ ደህና ነው። ፕሮግራምህን ግን ጉንፋን ይዞታል።»

ጓደኞችህ በዚህኛው ይበልጥ ሳቁ። ያኔ ፊትህ ተለዋወጠና «ሰኞ አፕዴት ይደረጋል፤ እናቴን!» አልክ። ትከሻዋን አቅፈህ ፎቶ ተነሣህ። ሰኞ ፎቶው ገጽህ ላይ ወጣ፤ ከሥሩ «ከተጠቃሚዎቻችን ጋር» ብለህበታል። ፕሮግራሙን አልነካኸውም።

እሷ ግን ቃልህን ይዛ አለቃዋ ዘንድ ገባች። «ባለቤቱ ራሱ ነግሮኛል» ብላ እስከ ዓርብ እንዲታገሣት ለመነች። ትናንት ልጠይቃት ስሄድ አለቃዋ በሰው ፊት፣ «ያ ሰውዬሽ ምን ደረሰ?» ሲላት ደረስኩ። ወንጌል «እየሠራበት ነው» አለች። በሕይወቷ ዋሽታ የማታውቅ ልጅ የአንተን ውሸት በራሷ አንደበት ስትናገር ቆሜ ሰማሁ። ይህን አልረሳልህም።

የማትለቀው ለምን እንደሆነ ይገባኛል። ፕሮግራሙ ላይ ስምህ አለ፤ ስብሰባ ስትጋበዝ፣ ሥራ ስታመለክት ታሳየዋለህ። ስምህ ይቆይልህ። ኤጀታ ስሜ ይጻፍ አላለም።

ወይ ጥገናውን ፍቀድ፣ ወይ «ለቅቄያለሁ፣ ኤጀታ ይረከበኝ» ብለህ ጻፍ። እንደ ለመድከው ከጻፍክ ግን ይህን ደብዳቤ እንዳለ፣ ከፎቶህ ጋር፣ ለፈቃደኞቹ ሁሉ እልከዋለሁ። ማስፈራሪያ ነው ካልክም፣ ልክ ነህ።

ወንጌል ዛሬም በር ላይ ተቀምጣለች። ከዓርብ በኋላ እሱም አይኖራትም። መልስህን ዛሬውኑ ጻፍልኝ።

የሺሃረግ